በምጣድ ሶኬት ቦሌ የደረስን ዕለት

በዚያ ቀን መኪናዋ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። መሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ መንገድን በስሙ ሳይሆን በጉድጓዱ የሚያውቅ ሰው። ከጎኑ ጎረቤታችን ኦቦ ተቀምጠዋል። በሰፈራችን ኦቦ የሚባል ሽማግሌ ብዙ ነው፤ ስም ሳንጨምር ኦቦ ካልን ግን እሳቸውን ማለታችን ነው። ከኋላ በአንደኛው መስኮት በኩል ባለቤቴ አለ፤ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጣ ነው፣ እቅፍ አበባ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ደግፎታል። በሌላው መስኮት የባለቤቴ እህት፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ገና ከአምቦ ሳንወጣ ተረብ ጀምራለች። መሐል ላይ እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከሁለቱም ጉልበት ጋር ተጣብቋል፤ ዓይኔ ግን ከፊት ካለው ስክሪን አልተነቀለም።

ያልነበረችው ልጄ ብቻ ናት። እሷን ልንቀበል ነው የምንሄደው።

ልጄ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ሰባት ዓመት ቆይታለች። ስትሄድ አልሸኘኋትም። እሷ ቀደም ብላ አዲስ አበባ ገብታ ነበር፤ እኔ ልከተላት ስል መንገዱ ተዘጋና አምቦ ቀረሁ። የተሰነባበትነው በስልክ ነው። «እማዬ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ነኝ» አለች፤ ወዲያው ተቋረጠ። ስለዚህ የመምጫዋ ቀን ሲቆረጥ አንድ ቃል ገባሁላት። «ከበሩ ስትወጪ መጀመሪያ የምታዪው ፊት የኔ ነው» አልኳት። ሳቀች። «እኔ ደግሞ መኪናዬን ማየት እፈልጋለሁ። በሷ ነው የምትቀበሉኝ፤ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ እንዳትመጡ» አለች።

መኪናዋ የእሷ ናት፤ በላከችው ገንዘብ ነው የተገዛችው። ስትመለስ መተዳደሪያ ይሆናት ዘንድ እስክትመጣ ድረስ ወንድሜ አምቦና ጉደር መካከል ኮንትራት እየሠራባት ይቆይ ተባባልን። ባለቤቴ በመጀመሪያ ያሰበው በቤንዚን የሚሄድ ያገለገለ መኪና ነበር። ወንድሜ ነው ያስቀየረን። ያን ሰሞን ነዳጅ ማደያው ሰልፍ ላይ ውሎ ማታ ባዶውን ይመለስ ነበር።

«እኔ ነዳጅ ፍለጋ ስዞር ፀጉሬ አለቀ» አለ። «መብራት ግን ቤታችሁ ድረስ ይመጣል።»

«ሲመጣ ነዋ!» አልኩት።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ። የማላውቀውን ነገር እፈራለሁ፣ የማውቀውንም በጥንቃቄ ነው የምይዘው። መኪናዋ ግቢያችን የገባች ቀን ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ ዝናብ ቢመጣስ እያልኩ ሰማይ አያለሁ። ኤሌክትሪክና ውሃ ይስማማሉ ያለኝ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታጠብ ደረቅ ጫማ አድርጌ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት። ደግሞ ድምፅ የላትም። ሞተር ተነሳ አልተነሳ አይታወቅም። ስትወጣ ዶሮዎቹ አይሸሹላትም፤ ወንድሜ ከፊቷ እየሄደ «እሽ! እሽ!» ማለት ነበረበት። የምታወራውም ቻይንኛ ነው። በር ሲከፈት አንዲት ሴት ከውስጥ አንድ ነገር ትናገራለች። ኦቦ መጀመሪያ ቀን ሲሰሟት ጆሯቸውን አስጠግተው «ማል ጄቴ?» አሉ፤ ምን አለች ማለታቸው ነው። ወንድሜም ቀበል አድርጎ «እንኳን ደህና መጡ እያለችዎት ነው» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቦ ሲገቡ «ነጋ? ሰላም ነሽ ወይ ልጄ» ብለው ሰላምታዋን ይመልሱላታል።

ምግቧን ማወቅ ግን ጊዜ ፈጀብን። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ በሚሰካበት ሰካናት። ትንሽ ቆይቶ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ሮጠን ብንነቅለው ሶኬቱ ቀልጧል። መብራት ሠራተኛ አስመጣን። ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ሌላ መስመር ምን ያደርግላችኋል? ማድ ቤት የምጣድ ሶኬት አላችሁ። ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣው ለሱ ብቻ ነው» አለን። እውነትም ነው፤ ምጣድ ብዙ ነው የሚበላው። የማድ ቤቱን መስኮት ከፍተን ገመዷን አሾልከን ሰካናት፤ እየጠጣች አደረች።

ችግሩ ሶኬቱ አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተሰኩ ቆጣሪው ይጥላል። ስለዚህ የእንጀራ ቀንና የመኪና ቀን ተለየ። የባለቤቴ እህት መጥታ ሌማቱን ስትከፍትና የትናንቱን እንጀራ ስታገኝ፣ «ዛሬ የበላችው መኪናዋ ናት አይደል? ይሁና፣ እሷ ትጥገብ፣ እኛ እንጾማለን» ትለኛለች።

ሰው ሲጠይቀኝ እውነቱን ነው የምናገረው። አንዴ ሆዷ እስኪሞላ የምትጠጣው መብራት በቆጣሪ ካርዱ ሲታሰብ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያንሳል። ዘይት መቀየር የለ፣ ሻማ የለ፣ ፊልትሮ የለ። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ኮፈኑን ይከፍትና የሚነካው ነገር ሲያጣ መልሶ ይዘጋዋል። ግን ደግሞ ከባድ ናት፣ ጎማ ትበላለች። ትርፍ ጎማ የላትም፤ የተሰጠን ነፊ መሣሪያና ማጣበቂያ ነው። የጎን መስታወቷን የሰፈር ልጆች በኳስ መትተው ሲሰብሩት አምቦ ላይ ምትክ አልተገኘም፤ አዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ወንድሜ አንገቱን እያወጣ ነው የነዳው። የባትሪው ነገር ደግሞ አለ። ገበያ ላይ አንድ ሰው «ባትሪዋ የሞተ ቀን መኪናዋንም አብራችሁ ቅበሯት» ብሎኝ ለብዙ ቀን እንቅልፌን ነስቶኛል።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ዋዜማውን የእንጀራ ቀን ሰርዤ መኪናዋን ሰካኋት። አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። ሲነጋ መጣ እንጂ ሌሊቱን ሳትጠጣ ነው ያደረችው። ስንነሳ ስክሪኑ ላይ ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ይላል።

«ትንሽ ጠጥታ ትጨምር» አለ ባለቤቴ።

«ይበቃል!» አለ ወንድሜ። «ዳገቱን በመብራት እወጣለሁ፣ ቁልቁለቱን በነፃ እወርዳለሁ።»

አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ሁሉንም ያስነሳኋቸው ወፍ ሲንጫጫ ነው። የባለቤቴ እህት ዓይኗን እያሸች፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አውሮፕላኑ ራሱ እኮ ገና ተኝቷል!» አለችኝ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። የኋላ መጫኛው በድፎ ዳቦ፣ በቆሎ፣ በአንድ ኩንታል ድንች ተሞልቷል። ድንቹ አዲስ አበባ ላለች የአክስቴ ልጅ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

ኦቦ በረዳቸው። ወንድሜ ማሞቂያውን ከፈተላቸው። ሙቀቱ እኛም ጋ ደረሰና መኪናዋ ውስጥ ደስታ ሆነ። የባለቤቴ እህት መዝፈን ጀመረች፤ ባለቤቴ እንኳ፣ የማይዘፍነው ሰውዬ፣ በአበባው ላይ ጣቱን ይመታ ነበር። ወንድሜ አንድ ሲኖትራክ ዳገት ላይ ሲያልፍ፣ «አያችሁ ጉልበቷን!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ዳሽቦርዱን ይዘው «ሱታ፣ ሱታ!» ይሉታል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ቁልቁለት ስንደርስ ደግሞ ወንድሜ ማርሹን ወደ ፍሪ ያደርግና እጁን አራግፎ፣ «ይኸው በነፃ!» ይላል። የጭነት መኪና ሹፌሮች ነዳጅ የሚቆጥቡት እንደዚህ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሪ አድርገው መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አባታችን ያወረሰው ሙያ ያህል ይኮራበታል።

እኔ የባትሪዋን ቁጥር ብቻ ነው የማየው። ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን ደጋግመሽ እንደምትዳብሺው ነው። ዳገት ላይ ትወርዳለች። ሜዳ ላይ ትወርዳለች። ቁልቁለት ላይ ባለችበት ትቆማለች፣ ግን አትመለስም። ጊንጪ ስንደርስ፣ የጭልሞ ጫካ ገና ጭጋግ እንደለበሰ፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ነበረች።

እዚያ ሻይ ልንጠጣ ወርደን ስንመለስ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

«ቆይ እስቲ» አልኩ። «አምስት ነን። ወንበሩ አምስት ነው። ልጅቷን ስንመለስ የት ልናስቀምጣት ነው?»

ሁሉም በጣታቸው ቆጠሩ። ለመቀበል መሄድ ግዴታ ነው፤ መቅረት ያስቀይማል። ማንም ከመቀበል የሚቀር ስላልነበረ የምትመጣው ልጅ ወንበር እንደሚያስፈልጋት ያሰበ አልነበረም።

«ትታቀፋለች!» አለች የባለቤቴ እህት። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላቅፋት ቀርቼ አሁን ብታቀፍ ምን አለበት?»

«እኔ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አሉ ኦቦ። «ይቺ ልጅ ቻይንኛ ስታወራኝ መልሱ እያለቀብኝ ነው።»

እየሳቅን ተነሳን። ኦሎንኮሚን አልፈን አዲስ ዓለም ስንቃረብ ግን የሚስቅ ጠፋ። ቁጥሯ ቀይ ሆነ። ሴትዮዋ በቻይንኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ትንሽ ቆይታ ደገመችው፤ ያኔ ኦቦም ምን አለች ብለው አልጠየቁም። ወንድሜ ማሞቂያውን አጠፋ። የከተማዋ መግቢያ ላይ ጥግ ይዞ ቆመ።

«ስንት ቀራት?» አለ ባለቤቴ።

«አሥራ አንድ» አልኩት፤ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቦሌ ገና ሩቅ ነው። መሐል ዳገት አለ። ልጄ በሩን ወጥታ ግራና ቀኝ ስትፈልገን ታየችኝ፤ ስልኳ ሲም ካርድ የለው፣ ለማን ትደውላለች?

መጀመሪያ አንድ ሻይ ቤት ጠየቅን። ሰውዬው በደስታ ፈቀደልን፤ ሰካን፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ሳንጨርስ ቆጣሪው ጧ ብሎ ወደቀ፣ ፍሪጁም ሙዚቃውም አብሮ ጠፋ። «ይቅርታ እናቴ፣ ቤቴ ይቃጠላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ሲጠቀልል የባለቤቴ እህት መንገዱን አሻግራ ታይ ነበር።

«እናንተ!» አለች። «ያ ምንድን ነው የተጻፈው?»

በአንድ ቆርቆሮ በር ላይ በኖራ «እንጀራ አለ» ይላል። ተያየን። እንጀራ የሚሸጥበት ቤት ምጣድ አለ። ምጣድ ካለ ወፍራም ሽቦ አለ።

በሩን የከፈተችልኝ ሴት በእኔ ዕድሜ ያለች ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነክቶታል። የምለውን ነገር ሳላሰናዳ ነው የጀመርኩት። ልጄ ከቤይሩት እየመጣች ነው፣ መኪናችን የመብራት ናት፣ ቻርጅ ጨረሰች፣ የምጣድሽን ሶኬት ለጥቂት ሰዓት… ቤይሩት ስል ሴትዮዋ እጇን መጥረግ አቆመች።

«መቼ ነው የምትገባው?» አለችኝ።

«ዛሬ። ከሰዓት።»

ዞር ብላ ቡኾዋን አየች። ግማሹ ገና አልተጋገረም። የሚጠብቋት ምግብ ቤቶች አሉ።

«ሊጡ ይቆያል» አለች። ምጣዱን ነቀለች።

መኪናዋን በበሩ አስጠጋናት፤ ገመዷ በልክ ደረሰ። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ስትል ወንድሜ ጮኸ፤ የሰፈሩ ሰው መጥቶ ከበበን። «ይሄ ነገር በምጣድ ነው የሚሠራው?» «ታዲያ ከኋላ እንጀራ ታወጣ ይሆን?» አንዱ «እንግዲህ ለሚስቴ ምጣድ የገዛሁት ለመኪናዬ ነው ማለት ነዋ፣ መኪናው ብቻ ነው የቀረኝ!» ብሎ ሁሉን አሳቀ። ኦቦ ከሽማግሌዎቹ ጋር በኦሮምኛ ወሬ ጀምረው ቻይንኛ የምትናገረውን ሴት ሊያስተዋውቋቸው በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ መብራት ትጨርስብናለህ ብለው ደግሞ ወንድሜን ይቆጣሉ።

እኔና ሴትዮዋ ማድ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ስንት ዓመቷ ነው፣ በምን ሰፈር ትሠራ ነበር፣ ምን ያህል ጊዜ ትደውል ነበር። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ከዚያ እጇን ታጥባ ስልኳን አመጣች፤ የአንዲት ልጅ ፎቶ አሳየችኝ። ስትስቅ አፏን በእጇ የሸፈነች፣ ቀጭን ልጅ። በእጇ ጀርባ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«የኔም እዚያው ናት» አለችኝ። «ስትስቅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሸፍነው። ጠባሳው የዚህ ምጣድ ነው፤ ልጅ ሆና ዘልላ ነክታው። በፊት በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ከዚያ ቤት ቀየርኩ አለችኝ። ከዚያ ቀረች።»

እጇን ያዝኩት። እርጥብ ነበር።

«ልጅሽን ጠይቂልኝ» አለች። «ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ይህን እንዳለች መብራት ሄደ።

መንደሩ በአንድ ድምፅ «እእእ!» አለ። መኪናዋ ላይ ያለችው አረንጓዴ ጠፋች። ወንድሜ ስክሪኑን አይቶ ሠላሳ አንድ አለ። ይበቃል? አያውቅም። ዳገቱን ቢወጣ ቦሌ አይደርስም ይሆናል፣ ሳያረጋግጥ አይነሳም። በዚያው ሰዓት አንድ ሚኒባስ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ወጥቶ «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። አንድ ሰው። እኔን የሚጠራ መሰለኝ።

«ሂጂ» አለኝ ባለቤቴ። «አንቺ ድረሺላት። እኛ እንደርሳለን።»

ተነሳሁ። ቦርሳዬን ያዝኩ። እግሬ ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ነበር። ልጄ ግን መኪናዬን ማየት እፈልጋለሁ ብላለች፤ ሰባት ዓመት የሰው ወለል ያሸችበት ነገር ይቺው ናት። ትቻት ብሄድ ምን ብዬ አሳያታለሁ? ደግሞ ብቀር በሩ ላይ ማን ይቆምላታል? ረዳቱ «እናቴ፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ!» አለኝ። የኔን ልብ ማን አየልኝ። ሰማዩን አየሁት፣ ፀሐይዋ ገና ከአናታችን አልወረደችም። ለዚህ ነው በማለዳ ያስነሳኋቸው።

«አንድ ብርጭቆ ሻይ እስክጠጣ» አልኩ፤ ወረድኩ። ሚኒባሱ ሄደ። የባለቤቴ እህት ጭንቅላቷን ይዛ «አንቺ በቁማችን ትገድይናለሽ!» አለችኝ።

ሴትዮዋ ሻይ አመጣችልኝ። አልጠጣሁትም፣ ያዝኩት ብቻ። ሊቀዘቅዝ ሲል ከጎረቤት ሬዲዮ ጮኸ። ከዚያ ልጆች ጮኹ፤ «መጣ! መጣ! መብራት መጣ!» ሰፈሩ በሙሉ አጨበጨበ። ያች ሴት ከሁላችንም በላይ ጮኸች፤ እልልታዋ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ሻዩን በአንድ ጊዜ ጨለጥኩት።

ሃምሳ ስድስት ላይ ስንደርስ ተነሳን። ገንዘብ አውጥቼ ብሰጣት ወደ ኋላ ሸሸች። «ጠይቂልኝ አልኩሽ እኮ» አለችኝ። ድፎ ዳቦውን ግን ወንድሜ በግድ ማድ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠው፤ የድንቹንም ግማሽ አወረደ። «ክብደት ልቀንስ ነው» አላት፣ እንዳትመልስለት።

ሆለታን አልፈን መናገሻ ዳገት ላይ ወንድሜ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነዳ። ማሞቂያ የለ፣ ሲኖትራክ መቅደም የለ። ኦቦ ብርድ ላይ ሆነው «ሱታ» ማለቱን አልተዉም። ከአናቱ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወንድሜ እጁን ወደ ማርሹ ሲሰድ ከፊታችን የአህያ መንጋ ገባ። ፍሬን ያዘ፤ ፍሪ ሳያደርግ ከአህዮቹ ኋላ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ ቁጥሩ ላይ ነኝ። ሠላሳ አራት ነበረች። ሠላሳ አምስት አለች።

«ጨመረች!» ብዬ ጮህኩ።

«አይጨምርም፣ ዓይንሽ ደክሟል» አለ ወንድሜ።

«ጨመረች አልኩህ! በል ፍሪ አድርግና አሳየኝ!»

ፍሪ አደረገ፤ ቆመች። መለሰው፤ ትንሽ ወረድን፤ ሠላሳ ስድስት። መኪናዋ ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትመግባለች! መንኮራኩሩ መብራት ይሠራል፤ ፍሪ ካደረግሃት ግን አፏን ትዘጋለህ። ወንድሜ ከአምቦ ጀምሮ በየቁልቁለቱ፣ ቆጠብኩ እያለ፣ ምግቧን ሲደፋባት ነው የመጣው።

የባለቤቴ እህት ይህን ስትሰማ በሳቅ ወገቧን ያዘች። «በነፃ ወረደ! በነፃ! ከአምቦ ጀምሮ በነፃ የጾምነው ባንተ ነው!» ወንድሜም መጀመሪያ ተኮሳተረ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ፣ መሪውን እየመታ ሳቀ። እስከ አዲስ አበባ መግቢያ ድረስ ቁልቁለት ባየን ቁጥር አምስታችንም አብረን ቁጥሩን እንጠራለን፤ ባለቤቴ ሳይቀር፣ አበባውን ከፍ አድርጎ። ቦሌ የደረስነው አንገታችን ተዘርግቶ፣ ጉሮሯችን ደርቆ፣ ግን በጊዜ ነው። መኪናዋን ተቀባይ በሚቆምበት ተርታ አቆምናት።

በሩ በተከፈተ ቁጥር የሌላ ሰው ልጅ ይወጣል። ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ሻንጣዋን በሁለት እጇ የምትገፋ፣ የምትሮጥ፣ ቆማ የምታለቅስ። ሁሉንም አየኋቸው፤ የአንዳንዷን እጅ እንኳ፣ ጠባሳ እንዳለው እንደሌለው፣ አየሁ። ከዚያ ልጄ ወጣች። ከስታለች፣ ረዝማለች መሰለኝ። ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ዓይኗ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ሌላ ማንንም አላየችም። ቃሌን ጠበቅሁ።

መኪናዋን ስናሳያት ዞራ ዞራ አየቻት፤ ኮፈኗን ዳበሰችው። በሩን ስትከፍት ሴትዮዋ በቻይንኛ ተናገረች፤ ኦቦ ቀደሙና፣ «እንኳን ደህና መጣሽ እያለችሽ ነው» አሏት። ኦቦ ቃላቸውን አላጠፉም፤ በዚያው ዕለት በአውቶቡስ ተመለሱ። እኛ የአክስቴ ልጅ ቤት አድረን፣ እዚያም በምጣድ ሶኬት ሰክተን፣ በማግስቱ ተነሳን።

ስለ እንጀራ ሻጯ ልጅ ልጄን የጠየቅኋት ያኔ መንገድ ላይ ነው። ፎቶውን በስልኬ አስልኬ ይዤው ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችው። «አላውቃትም እማዬ» አለችኝ። «ከተማው ሰፊ ነው። ስሟም አይጠቅምሽም፤ እዚያ ስም ይቀይሩልናል። እኔንም ማንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።»

አዲስ ዓለም ስንደርስ መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ወንድሜ ጥሩምባ ነፋ። ሴትዮዋ እየሮጠች ወጣች። ልጄን አቀፈቻት፣ ሽታዋን ሳበች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «ይሁን» አለች። «ይቺ ግን መጣች።» እንጀራ ጠቅልላ ሰጠችን።

ዛሬ መኪናዋን የምትነዳው ልጄ ናት። ወንድሜ ያስተማራት የመጀመሪያው ነገር ቁልቁለት ላይ ፍሪ አለማድረግን ነው። በዚያ ባለፍን ቁጥር ቆመን ጥሩምባ እንነፋለን። ሴትዮዋ ትወጣለች፣ መጀመሪያ የምታየው እኔን ነው፣ እኔም ያንኑ መልስ እሰጣታለሁ።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ቤይሩት የቆያችሁ ወይም እዚያ ልጅ ወይም እህት ያላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀጭን ልጅ ናት። በቀኝ እጇ ጀርባ ላይ የምጣድ ጠባሳ አለ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እዚያ በምን ስም እንደምትጠራ አላውቅም። ያያት፣ የሰማ፣ አብሯት የሠራ ካለ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩን። እናቷ አዲስ ዓለም፣ መንገድ ዳር፣ «እንጀራ አለ» የሚለው ቆርቆሮ በር ውስጥ ናት።